384 ሰው፣ 384 ላም

የአክስቴ ልጅ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሷን እየሠራች ነው። ባለፈው ክረምት ፕሮፖዛሏን ይዛ ጎንደር ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ስኒው ሳይቀርብ «ናሙናዬ 384 ወጣ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከሳምንት በፊት የእንስሳት ሕክምና የሚማረው የጎረቤታችን ልጅም ይህንኑ ቁጥር ነግሮኝ ነበር። የሷ 384 ሰዎች ናቸው። የሱ 384 ላሞች።

ጎንደር ውስጥ ከተመራቂ ተማሪ ጋር የኖረ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። የመጣበት መንገድ ቀላል ነው። አንድ በሽታ ምን ያህል እንደተስፋፋ ማወቅ ተፈለገ እንበል። ቀድሞ የተሠራ ጥናት ከሌለ ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ይጀመራል፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው ይህ ግምት ስለሆነ ነው። ከዚያ 95 በመቶ እርግጠኝነትና የ5 በመቶ ስሕተት ይፈቀዳል። የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር የሆነው 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.25 (50 በመቶ በ50 በመቶ) ተባዝቶ፣ ለ0.0025 (5 በመቶ በ5 በመቶ) ሲካፈል 384.16 ይወጣል። መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመርበት 422 ወይም 423 ይሆናል፤ እንደ አጠጋጋው። ላም ግን መልስ አልሰጥም ስለማትል የእንስሳት ሐኪሙ 384 ላይ ይቆማል።

ቀመሩ ስሕተት የለበትም። እንደማትነጥፍ ላም ሁሉንም ነገር ከሱ መጠበቅ ነው ችግሩ። ቀመሩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት በመቶ?» የሚለውን። የጥናቶቹ ርዕስ ግን ብዙ ጊዜ ሌላም ይጨምራል። «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ ጎንደር ከተማ፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ» ይላል። ያቺ «ተያያዥ ምክንያቶች» የምትባል ሐረግ ናት ጣጣ የምታመጣው።

በቁጥር እንየው። በሽታው ከመቶ ላሞች ሦስቱን ብቻ የያዘ ቢሆን፣ ከ384 ውስጥ የታመሙት አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ናቸው። ተማሪው እነዚህን አሥራ ሁለት ላሞች ይዞ ዕድሜ፣ ዝርያ፣ የመንጋ ብዛት፣ የውኃ ምንጭ፣ የባለቤቱ የትምህርት ደረጃ እያለ አሥራ አምስት ምክንያቶችን ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባል። አንድ ነገር «ቁርኝት አለው» ብሎ የመውጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ብሎ ሲወጣ ግን ዕድል ይሁን እውነት የሚለይበት መንገድ የለም። በዚያ ላይ የአንድ ገበሬ አምስት ላሞች አምስት ማስረጃ አይደሉም። አንድ በረት ያድራሉ፣ ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፣ በአንድ ኮርማ ይጠቃሉ። አንዷ ከታመመች ሌሎቹም ቅርብ ናቸው። ይህን ከግምት አስገብቶ ናሙናውን ከፍ የሚያደርግ ተማሪ አለ። ሳያስገባ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት አቅርቦ (ዲፌንስ) የሚያልፍም አለ።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። አብዛኛው የማስተርስ ጥናት አንድ ጊዜ ሄዶ፣ ጠይቆ ወይም ደም ቀድቶ የሚመለስ ነው። ጥር 11 ቀን ጠዋት ጎንደር የገባ እንግዳ የፋሲል መዋኛን ዙሪያ ገባ አይቶ ፎቶ ቢያነሣ፣ ይህ ገንዳ ዓመቱን ሙሉ ውኃ እንደሞላ ነው የሚመስለው። ኅዳር ላይ የመጣ ደግሞ ደረቅ ገንዳ አይቶ ይመለሳል። ሁለቱም አልዋሹም። ወባ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሌላ ናት፣ የካቲት ላይ ሌላ ናት። የትኛው ቀድሞ የትኛውን እንዳመጣም የአንድ ቀን ፎቶ አይናገርም። ድህነቱ በሽታ አመጣ ወይስ በሽታው አደኸየው?

ስለ መጠይቁም ልናገር፤ እዚህ ላይ የግል ቂም አለብኝ። ተማሪ ሳለሁ ለኪስ ገንዘብ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከጠየቅኋቸው ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ አይረሱኝም። «አባባ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሰምተው ያውቃሉ?» አልኋቸው። «ኧረ የለም ልጄ» አሉኝ። «አያውቁም» የሚለውን አከበብሁ። መጠይቁን ጨርሼ ስነሣ ጨዋታ መጣና ስለ ላሞቻቸው ያወሩኝ ጀመር። የትኛዋ ላም በስንት ወሯ እንዳስወረደች፣ የእንግዴ ልጇ እንዴት እንደቀረ፣ ያስወረደች ላም ወተት ለሕፃን እንደማይሰጡ፣ በዚያው ሰሞን እሳቸውን ራሳቸውን ትኩሳትና የወገብ ቁርጥማት እንዴት እንዳሠቃያቸው ነገሩኝ። ላም የሚያስወርደውን፣ ሰውንም የሚያተኩሰውን በሽታ ከነምልክቱ ያውቁታል። የማያውቁት የፈረንጅ ስሙን ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «ዝቅተኛ እውቀት» ሆነው ቀሩ።

ለነገሩ ውጤቱ የሚመደብበት መንገድም አስቂኝ ነው። ብዙ ጥናቶች ከአማካይ በላይ ያገኘውን «ጥሩ እውቀት ያለው»፣ ከአማካይ በታች ያገኘውን «ዝቅተኛ እውቀት ያለው» ይሉታል። በዚህ አሠራር ሰዉ ሁሉ ምሁር ቢሆን እንኳ፣ ሁሉም እኩል ነጥብ ካላገኘ በቀር፣ ከአማካይ በታች የሚወድቅ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ግማሽ ያህሉ ነው። ከዚያ «የኅብረተሰቡ ግማሽ ያህሉ ግንዛቤ የለውም፤ ስለዚህ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ» የሚል ምክረ ሐሳብ ይጻፋል። ምክረ ሐሳቡ ከጥናቱ በፊትም እዚያው ነበረ።

ይህን ሁሉ የምለው የጎንደርን ምርምር ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተበትን ነገር ስለማስብ ነው የሚቆጨኝ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ ነው የተከፈተው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘውታል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደንቢያ ቆላ ድባ አካባቢ ወባ ሰዉን ፈጅቶት ነበር። ያሠለጠኗቸውም ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው። ሦስቱ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሌላው ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። በሽታ ወዳለበት መሄድ ማለት ይህ ነው።

በዚያ ቡድን ውስጥ የሌለው የከብት ሐኪሙ ነው። ያኔ ላይታሰብ ይችላል። ግን የዚህ አገር ሰው የከብት በሽታ ሰው እንደሚገድል ከማንም በላይ ያውቃል። ክፉ ቀን የሚባለው በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው ረሀብ የመጣው በዋናነት በአንድ የከብት በሽታ ነው። አባቶቻችን ስሙን ለማባበል ይመስላል «ደስታ» ይሉታል። በምፅዋ በኩል ከጣሊያኖች ከብት ጋር ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ። የሚያርስ ሲጠፋ ሰው አለቀ። በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው፤ የከብት በሽታ።

አሁን በጎንደር የሰው ጤናም የእንስሳት ሕክምናም ተማሪ አለ። ሆስፒታሉና ጤና ሳይንሱ በአንድ ግቢ ናቸው፤ የእንስሳት ሕክምናው ቴዎድሮስ ግቢ ነው። ከተማው አንድ ነው፣ በባጃጅ ይደረሳል። በጽሑፋቸው ግን ብዙም አይገናኙም። «አንድ ጤና» የሚለው ቃል፣ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አብሮ ማየት ማለት ነው፣ በየስብሰባው ይነሣል። ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በእብድ ውሻ በሽታና በመሳሰሉት ላይ ለዓመታት የተሠራ ሥራም አለ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ (ቴሲስ) መደርደሪያ ጋ ሲደረስ ግን አንዱ ሰው ቆጥሯል፣ አንዱ ላም ቆጥሯል።

ሁለቱ መገናኘት ያለባቸው የት እንደሆነ ለማሳየት የሊቦ ከምከምን ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ሰዎች በትኩሳት ይወድቁ ጀመር። ሰውነታቸው ይመነምናል፣ ሆዳቸው ይነፋል። መጀመሪያ ወባ ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ አልሻል አለ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር እስከዚያ የቆላ በሽታ ነበር፤ የመተማና የሑመራ። ሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ፣ ዋልካ መሬት ላይ፣ ግራር ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ነክሳው የምትሰጠው በሽታ ነው። ደጋ ላይ ምን አወጣው? የቀን ሥራ ውለው የተመለሱ የአካባቢው ልጆች በደማቸው ይዘውት መጡ የሚለው ግምት ሚዛን የደፋ ነው።

ከዚያ በኋላ የታመሙና ያልታመሙ ሰዎችን ያነጻጸረ ጥናት እዚያው ተሠራ። ከታማሚነት ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች ሁለቱ ግራር ሥር ውጭ መተኛትና ውሻ ማሳደር ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ውሻ ለምን? ብዙ መልስ ሊኖረው ይችላል። በሜዲትራኒያን አገሮችና በብራዚል የካላዛር ዋና ማደሪያ ውሻ ነው። በኛ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ተሐዋሲ ግን ሌላ ነው፤ በዋናነት ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ነው የሚታመነው። ምናልባት ውሻው በሽታውን ይሸከማል። ምናልባት ዝንቧን ወደ ቤት ይጠራል። ወይም ውሻ ያለው ሰው ከብት ያለው ነው፣ ከብት ያለው ደግሞ ሌሊት ውጭ ያድራል፤ ውሻው ምንም አላደረገም።

ይህን ለመለየት የሰው ደም፣ የውሻ ደምና የዝንቧ ሆድ ከአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ መዝገብ መሰብሰብ አለበት። ሰው ብቻ የቆጠረ ተማሪ «ውሻ ያለው ይታመማል» ብሎ ያቆማል። ውሻ ብቻ የቆጠረው «ከመቶ ይህን ያህል ውሻ ተጋልጧል» ብሎ ያቆማል። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሃያ ዓመት ቢቀመጡም አይወልዱም።

ቄራውም እንዲሁ ነው። ጎንደር ያለው የኤልፎራ ቄራ የብዙ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ መመረቂያ ነው። ለምን እንደሚመረጥ ይገባኛል። በሬው ታርዷል፣ ጉበቱና ሳንባው ተዘርግቷል፣ መርማሪው ቆሟል። የጉበት ትል ያለበትን ጉበት፣ ውኃ የቋጠረ እጢ ያለበትን ሳንባ መቁጠር ነው። 384 በሬ በጥቂት ወር ይሞላል። በመጨረሻ የተጣለው ጉበት በብር ተተምኖ ይጻፋል። በሬው የመጣው ከገበያ ነው። ከደንቢያ ረግረግ ይሁን ከጭልጋ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ የጉበት ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የት እንዳለ፣ የማን ግጦሽ እንደተበከለ አይነግረንም።

ደግሞስ የጎንደር ሰው ሥጋ የሚበላው ከቄራ ብቻ ነው? ቅርጫውስ! ፋሲካ፣ ገና፣ መስቀል ሲመጣ ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ጓሮ ይጥላል፣ መደብ መደብ አድርጎ ዕጣ ይጣጣላል። መርማሪ የለም። ሳንባው ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ሲገኝ ተቆርጦ ይወረወራል፤ ውሻው ደርሶ ይቀልበዋል። የዚያ እጢ ትል ዑደት የሚዞረው ልክ እዚያ ነው። ውሻው ይበላዋል፣ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ሣሩን በግ ይበላዋል፣ እጁን ያልታጠበ ልጅም ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ጉበቱ ላይ እጢ ይዞ ሆስፒታል ይመጣል። ጥሬ ሥጋውን የበላው ደግሞ ሌላ ትል፣ ኮሶ፣ ይይዘዋል። ዛፉንም ትሉንም በአንድ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ከዚህ በላይ ዝምድና ከየት ይመጣል። ቅርጫ ላይ ቆሞ ሳንባ የቆጠረ፣ ያንን ሳንባ የበላውን ውሻ የመረመረ፣ ቤተሰቡን በአልትራሳውንድ ያየ አንድ ጥናት ከብዙ የቄራ ቴሲስ ይበልጥብኛል። ማን ይሥራው ቢባል፣ የከብት ሐኪም ብቻውን አይችለውም። የሰው ሐኪምም ብቻውን አይችለውም።

ታዲያ ተማሪው ሰነፍ ነው? አይደለም። የማስተርስ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። አንዱ በኮርስ ያልቃል። ከቀረው ላይ ፕሮፖዛል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና ጽሑፉ ተቀንሶ ለመረጃ የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። ገንዘቡ ለትራንስፖርትና ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ተብቃቅቶ ነው። የቤተ ሙከራ መመርመሪያ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገባው። መምህሩም ቢሆን እድገት የሚያገኘው በታተመ ጽሑፍ ብዛት እንጂ በተፈታ ችግር ብዛት አይደለም። ሁለት ተማሪ በአንድ ጥናት ቢገባ «የማን ቴሲስ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሰው ጥናት ፈቃድ አንድ ኮሚቴ፣ የእንስሳው ሌላ። ሁለት በር ማንኳኳት ከአንድ ይከብዳል።

ከዚያ ደግሞ ወቅቱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ገጠር መውጣትን አስቸጋሪ አድርጎታል። ካላዛሩ ያለው መተማ ነው፣ ከብቱ ያለው ገጠር ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ ተማሪው ከተማ ይቀራል። ከተማ ሲቀር የሆስፒታል ካርድና ቄራ ብቻ ይቀሩታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ ደግሞ በጤናው ዘርፍ ብዙ ሥራ የተንጠለጠለበት ገመድ ተበጠሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቦ ነበር። ወባ ኮሌጁን ያስከፈተች በሽታ ናት፤ ከ70 ዓመት በኋላም በር ላይ ናት።

ሌላ ዓይነት ሥራ በጎንደር አይቻልም እንዳይባል ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከጎንደር በስተሰሜን ያለው የዳባት ወረዳ ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እዚያ የሚኖረው ሕዝብ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወጣ እየተባለ ይመዘገባል። ይህ ፎቶ አይደለም፤ ዘመን የሚከተል መዝገብ ነው። ከነዚያ ቤተሰቦች ጋር ላሚቱንና ውሻውን አብሮ የሚከታተል ተማሪ ቢላክ ከዜሮ አይነሣም። አንዱ ተማሪ ሲመረቅ ቀጣዩ ከቆመበት ይቀጥላል። ናሙና በየዓመቱ 384 ብሎ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ያንኑ ቤት ለአምስት ዓመት ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ ነው። በነባሩ ሕክምና ታማሚው ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ይወጋ ነበር፤ የሚያም መርፌ ነው። ሌላ አማራጭ ለመፈተሽ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተሠራ ሙከራ ነበር። ጎንደር አንዷ ቦታ ነበረች። የሚዋጥ መድኃኒትና በቀን አንድ መርፌ፣ ለ14 ቀን። ከነባሩ ጋር የተቀራረበ ፈውስ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ታካሚዎቹ 439 ናቸው። ከ384 ብዙም አይርቅም፤ አይደለም? ልዩነቱ እነዚህን ሰዎች ለስድስት ወር መከተላቸው፣ አንዱን ሕክምና ከሌላው ማነጻጸራቸውና ጥያቄው መልስ ሲያገኝ መርፌው የሚቀነስለት ሰው መኖሩ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ርዕሷ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። እሷ የኅብረተሰቡን «እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» ልትጠይቅ ነበር። ቁስሉን በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያውቃሉ ወይ? ጠበል ይሄዳሉ ወይስ ጤና ጣቢያ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። በጎንደርም በሌላውም ከተማ ብዙ ጊዜ ተጠይቀዋል። ቡናውን እየጠጣን «ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የተነከሱትን መዝገብ እይው» አልኋት።

ሄደች። በሳምንቱ ደወለችልኝ። መዝገቡ ላይ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ የተነከሰበት የሰውነት ክፍል አለ፣ የተሰጠው ክትባት አለ። «የነከሰው እንስሳ» የሚል ዓምድ ደግሞ አለ። ከላይ እስከ ታች «ውሻ፣ ውሻ፣ ውሻ» ይላል። የታወቀ ውሻ ቢሆን ለአሥር ቀን ታስሮ ቢታይ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ደኅና ከሆነ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ታካሚው የቀረውን ክትባት ላያስፈልገው ይችላል፤ ክትባቱ ለሌላ ይተርፋል። ከሞተ ደግሞ ሌሎች የነከሳቸው መፈለግ አለባቸው። የውሻው መጨረሻ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

ነርሷን ጠየቀቻት። «እሱማ የከብት ሐኪሞቹ ጉዳይ ነው» አለቻት። ወደ ከብት ክሊኒኩ ሄደች። የከብት ሐኪሙ «ሰው ሲነከስ እኛ ማን ይነግረናል?» አላት።

አሁን ያ 384 ላም ይቆጥር የነበረው የጎረቤታችን ልጅና እሷ አንድ ሰፈር መርጠው እየተከራከሩ ነው። የተነከሰ ሰው በተመዘገበ በማግሥቱ እሷ ለሱ ትደውልለታለች። እሱ ውሻውን ፈልጎ አሥር ቀን ያያል። የሚገጥማቸው ሠላሳ ንክሻ ይሁን ሃምሳ ገና አያውቁም። አድቫይዘሯ ናሙናው ያንሳል ብለዋታል። የሱ አድቫይዘር ደግሞ ውሻው የት እንደሚታሠር ጠይቀዋል።